ወር ምንድን ነው? ሱቅስ? የአሜሪካ ወርኃዊ የችርቻሮ ሽያጭ አኃዝ ታሪክ



በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ማሳሰቢያውን የማስቀድመው ለልማድ ያህል አይደለም፤ የምንነጋገርበት ጉዳይ ራሱ በአብዛኛው የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ስለሆነ ነው።

በየወሩ አጋማሽ ገደማ፣ በዋሽንግተን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ አንድ አጭር መግለጫ ያወጣል። መግለጫው ባለፈው ወር በአገሪቱ ሱቆች፣ መደብሮች፣ ምግብ ቤቶችና በኢንተርኔት የተሸጠው ሁሉ ከቀደመው ወር ጋር ሲነጻጸር በመቶ ስንት እንደ ጨመረ ወይም እንደ ቀነሰ ይናገራል። በደቂቃዎች ውስጥ የአክሲዮንና የቦንድ ዋጋ ይንቀሳቀሳል፤ ጋዜጠኞች ስለ ሸማቹ መንፈስ መጻፍ ይጀምራሉ፤ የማዕከላዊ ባንኩ ባለሙያዎችም አኃዙን ለቀጣዩ የወለድ ውሳኔያቸው ይመዘግቡታል። የቤተሰብ ፍጆታ ከአሜሪካ አጠቃላይ ምርት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ስለሚይዝ ለዚህ አኃዝ የሚሰጠው ክብደት አያስገርምም።

የእኔ ጥያቄ አኃዙ እንዴት ተወለደ የሚል ነው። የታሪክ ተማሪ አንድን ደብዳቤ ወይም የፍርድ ቤት መዝገብ ሲያገኝ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለምን ብሎ መጠየቅን ከመጀመሪያው ዓመት ይማራል። ሠንጠረዥ ሲያገኝ ግን ብዙ ጊዜ ይህን መጠየቅ ይረሳል፤ ቁጥሩን ከሰማይ እንደ ወረደ ይገለብጠዋል። ይህ የችርቻሮ አኃዝ በሦስት ውሳኔዎች ላይ የቆመ ነው፦ ወር ማለት ምን ማለት ነው? ሱቅ ማለትስ? የተሸጠው ነገር የሚለካው በገንዘብ ነው ወይስ በብዛት? ሦስቱም ውሳኔዎች የሰው ውሳኔዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም አንድን ነገር ሲያሳዩ ሌላውን ይጋርዳሉ።

በአሜሪካ ስለ ችርቻሮ ሽያጭ በየወሩ የተደራጀ መረጃ መሰብሰብ የተጀመረው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማግሥት፣ ከ1919 ገደማ ጀምሮ ነው። ሰብሳቢው በ1913 የተቋቋመው የፌዴራል ሪዘርቭ ሥርዓት ነበር። የየአውራጃው ባንኮች በትልልቅ ከተሞች ከሚገኙት ባለ ብዙ ፎቅ መደብሮች የወር ሽያጭ ሪፖርት ይቀበሉ ጀመር። ለምን እነዚህ መደብሮች ተመረጡ ብንል መልሱ ቀላል ነው፦ መዝገብ ስለነበራቸው። የሒሳብ ሠራተኞች ነበሯቸው፤ በየወሩ መጨረሻ ሒሳባቸውን ይዘጉ ነበር፤ ለባንኩም በደብዳቤ መመለስ አይቸግራቸውም ነበር። ስለዚህ ለአሥርተ ዓመታት ያህል «የአሜሪካ ሸማች» ሲባል በተግባር በቺካጎ፣ በፊላደልፊያ ወይም በኒው ዮርክ መሐል ከተማ ካፖርትና የገበታ ዕቃ የሚገዛው ሰው ነበር።

ከዚህ ሥዕል የወጡት እነማን ነበሩ? በጋሪ እየገፋ ፍራፍሬ የሚሸጠው ስደተኛ፣ የሰፈር የሸቀጥ ሱቅ፣ የገጠሩ ሁሉን ሻጭ መደብር። በተለይ የደቡቡን የጥጥ ገበሬ ልብ በሉልኝ። ይህ ሰው ዱቄቱን፣ ጨውንና ጫማውን ዓመቱን ሙሉ በዱቤ ይወስድ ነበር፤ ዕዳው የሚታሰበው ጥጡ በመጸው ሲሸጥ ነው፤ ዋስትናውም ገና ያልታጨደው ሰብል ነው። ለእርሱም ለሱቅ ባለቤቱም ወር የሒሳብ መለኪያ አልነበረም። ሽያጩ የተፈጸመው ዕቃው ሲወጣ ነው ወይስ ዕዳው ሲከፈል? የሒሳብ ሰዎች ለዚህ መልስ አላቸው። የወር አኃዙ ግን የተሠራው ሒሳቡን በየወሩ ከሚዘጋ ሰው ኑሮ መሆኑ አይቀየርም።

መንግሥት አገሩን ሁሉ ለመቁጠር የሞከረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1930 ከሕዝብ ቆጠራው ጋር አብሮ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የንግድ ሥርጭት ቆጠራ ተካሄደ፤ የሸፈነው የ1929ን ዓመት ነው። ውጤቱ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሱቆችና ወደ 49 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሽያጭ ነበር። አጋጣሚው አስገራሚ ነው፤ የአገሪቱ ንግድ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ሲለካ የተለካው ከታላቁ ውድቀት በፊት የነበረው የመጨረሻ ዓመት ሆነ። ቆጠራው ለ1933 ሲደገም ሽያጩ ወደ 25 ቢሊዮን ወርዶ ተገኘ፤ በግማሽ ገደማ ቀንሷል ማለት ነው። የሱቆቹ ብዛት ግን አሁንም 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር።

ይህ ንጽጽር ሁልጊዜ ያስቆመኛል። ገበያው በግማሽ ሲጠብብ በሮቹ ለምን አልተዘጉም? ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ በምትካቸው ሌሎች ተከፍተዋል። ከፋብሪካ የተባረረ ሰው በቀረችው ጥቂት ገንዘብ የፊት ክፍሉን ወደ ሱቅ ይለውጥ ነበር። ሥራ አጥነት በጸናበት አገር ሁሉ ችርቻሮ የመጨረሻ መጠጊያ እንደሚሆን እዚህ አዳራሽ ላለ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ስለዚህ «የሱቆች ቁጥር» ብቻውን ቢቀርብልን ኖሮ አገሩ ደኅና ነው ብለን እንደመድም ነበር።

የሽያጩም አኃዝ ቢሆን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በእነዚያ አራት ዓመታት የሸማቾች ዋጋ በሩብ ያህል ወርዷል። ሽያጩ በዶላር በግማሽ ቢቀንስም በእንጀራና በጫማ ሲቆጠር የቀነሰው ወደ ሲሶ ይጠጋል። ሁለቱም አስከፊ ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። የሚገርመው፣ የአሜሪካው ወርኃዊ መግለጫ እስከ ዛሬ ድረስ የሚናገረው በዶላር ነው፤ የወቅት ልዩነት ይስተካከላል፣ የዋጋ ለውጥ ግን አይስተካከልም። ብሪታንያ በተቃራኒው በመግለጫዋ ርዕስ ላይ የምታስቀምጠው ብዛትን ነው። ልዩነቱ በ2022 ግልጥ ብሎ ታየ። በዚያ ዓመት በሰኔ የአሜሪካ ችርቻሮ ሽያጭ በ1.0 በመቶ ጨመረ ተባለ፤ በዚያው ወር የሸማቾች ዋጋ ከቀደመው ወር በ1.3 በመቶ ጨምሮ ነበር። ሸማቹ የበለጠ ከፈለ፤ ይዞት የገባው ዕቃ ግን አልበለጠም። የዋጋ ንረትን በገዛ ዘንቢሉ ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንም፤ ሆኖም «ሽያጭ አደገ» የሚል ርዕስ ሲያነብ እርሱም ለአፍታ ይታለላል።

አሁን ወደ ወር እንመለስ፤ ከሁሉ የሚያስደስተኝ ምዕራፍ ይህ ነው።

በአሜሪካ የገና ገበያ የሚከፈተው ከምስጋና ቀን ማግሥት ነው፤ በልማድ። የምስጋና ቀን ከ1863 የሊንከን አዋጅ ጀምሮ በኅዳር የመጨረሻ ሐሙስ ይከበር ነበር። በ1939 ኅዳር አምስት ሐሙሶች ነበሩት፤ የመጨረሻው በ30 ዋለ። ነጋዴዎች ደነገጡ፤ እስከ ገና የሚቀረው የገበያ ጊዜ ከሦስት ሳምንት ተኩል እምብዛም አይበልጥም። በ1933ም ተመሳሳይ ነገር ሲያጋጥም ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ጠይቀው እሺ አላላቸውም ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ተሳካላቸው። ከጠያቂዎቹ መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው የኦሃዮው የመደብር ባለቤት ፍሬድ ላዛረስ ነው። ሩዝቬልት በነሐሴ ወር በዓሉ በአንድ ሳምንት ቀድሞ በኅዳር 23 እንዲከበር ወሰኑ።

ተቃውሞው ከባድ ነበር። የቀን መቁጠሪያ አታሚዎች ሥራቸውን ጨርሰው ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ግጥሚያዎች መርሐ ግብራቸው ወጥቶ ነበር፤ የኒው ኢንግላንድ ሰዎችም የአባቶቻችን በዓል ለሱቅ ተሸጠ ብለው ተቆጡ። ፕሬዚዳንቱ ክፍለ ግዛቶችን ማስገደድ ስለማይችሉ አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሽ ያህሉ አዲሱን ቀን፣ ግማሽ ያህሉ አሮጌውን አከበረ። ቴክሳስን የመሳሰሉ ጥቂቶች ሁለቱንም አከበሩ፤ ይህም የራሱ ጥበብ አለው።

እንግዲህ ይህን በስታቲስቲክስ ዓይን ተመልከቱት። ማንም ተመራማሪ ሊያዝዘው የማይችለው ሙከራ በገዛ እጁ ተፈጸመ፦ በአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት፣ ግማሹ ረጅም የገበያ ወቅት፣ ግማሹ አጭር። ውሳኔው በ1940ና በ1941ም ተደገመ። ውጤቱስ? የንግድ ሚኒስቴሩ ጥናት ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አላገኘም። ቤተሰቦች ለገና የሚያወጡት ገንዘብ የሚወሰነው በኪሳቸው እንጂ በቀናቱ ብዛት አልነበረም፤ የተለወጠው መቼ እንደሚያወጡት ነው። ሩዝቬልት በ1941 ጸደይ ሙከራው እንዳልሠራ ተናገሩ፤ በታኅሣሥ 26 ቀን 1941፣ አገሪቱ ወደ ጦርነት ከገባች ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ በዓሉን በኅዳር አራተኛ ሐሙስ ላይ የሚያጸና ሕግ ፈረሙ።

የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ይተርኩታል። ለእኔ ግን የወር ሽያጭ አኃዝ የደረሰበትን ሥልጣን የሚያሳይ ነው። በመጀመሪያ በዓሉ ሽያጩን ወሰነ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ሽያጩ በዓሉን ማንቀሳቀስ ቻለ።

የቆጠራ ቢሮው የራሱን ወርኃዊ የችርቻሮ ጥናት በቋሚነት ማካሄድ የጀመረው በ1951 ነው፤ ፈጥኖ የሚወጣው የመጀመሪያ ግምት ደግሞ በ1953 ተጨመረ። ያው ቢሮ በዚያው በ1951 ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒውተር ተረከበ፤ የሁለቱ መገጣጠም ለታሪካችን ወሳኝ ነው። ምክንያቱም በወሮች መካከል ማነጻጸር የሚቻለው የወቅቱ ልማድ ከቁጥሩ ሲቀነስ ብቻ ነው። ታኅሣሥ ሁልጊዜ ከፍ ይላል፤ ጥር ሁልጊዜ ይወርዳል፤ የካቲት አጭር ነው፤ አምስት ቅዳሜ ያለው ወር አራት ካለው ይበልጣል፤ ፋሲካ አንድ ዓመት በመጋቢት፣ ሌላ ዓመት በሚያዝያ ይውላል። ቀደም ሲል ይህን ማስተካከያ የሚሠሩት ጸሐፊዎች በእጅ ማስሊያና በእጅ በተሳለ መስመር ነበር፤ ለአንድ ተከታታይ አኃዝ ቀናት ይፈጅ ነበር። ጁልየስ ሺስኪን የተባለው የቢሮው ኢኮኖሚስት በ1954 ሥራውን ለዩኒቫክ ሰጠ። ከእርሱ ጋር የተያያዘው ኤክስ 11 የተባለው ዘዴ በ1965 ወጣ፤ የልጅ ልጆቹ ዛሬ በብዙ አገሮች የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች ይሠራሉ።

ዘዴው ምን እንደሚያደርግ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በየካቲት 2023 የወጣው መግለጫ የጥር ሽያጭ ከታኅሣሥ በ3.0 በመቶ ጨመረ አለ። በእውነተኛው የገንዘብ ሳጥን ውስጥ ግን የጥር ገቢ እንደ ወትሮው ከታኅሣሥ ገቢ ከአሥር በመቶ በላይ ያነሰ ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው። የመጀመሪያው የሚለው፣ ጥር ከሚጠበቅበት መውረድ አንጻር ያነሰ ወረደ ነው። የሱቅ ባለቤቱ ግን ለሠራተኛው ደመወዝ የሚከፍለው ከሚጠበቀው መውረድ አንጻር በሚሰላ ገንዘብ አይደለም። የተስተካከለው አኃዝ ማንም ያልተቀበለው ገንዘብ ነው፤ ጠቃሚነቱ ለማነጻጸር ብቻ ነው።

ለታሪክ ጸሐፊ ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። የአንድ ወር ልማድ ምን እንደሆነ የሚታወቀው ከፊቱና ከኋላው ካሉት ዓመታት ነው። ስለዚህ አዲስ መረጃ ሲመጣ ያለፈው ይከለሳል። የመጀመሪያው ግምት የሚሠራው ከ5 ሺህ ገደማ ድርጅቶች በሚመጣ ፈጣን መልስ ነው፤ ሰፊው ናሙና በኋላ ሲደርስ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ዓመታዊው ጥናት ሲጠናቀቅ ደግሞ ዳግመኛ ይለወጣል። ዛሬ ከድረ ገጽ የምናወርደው ተከታታይ አኃዝ በዚያን ጊዜ ውሳኔ ሰጪዎች ጠረጴዛ ላይ የነበረው አይደለም። አንድ ባለሥልጣን በአንድ ወር ለምን እንዲህ ወሰነ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ያን ዕለት የታተመውን ቁጥር መፈለግ አለበት። የሴንት ሉዊስ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ «አልፍሬድ» በሚል ስም የየዘመኑን እትም የሚያቆይ የመረጃ ቋት አለው፤ በነጻ ይገኛል፤ ተጠቀሙበት።

ወር የሚለው ቃል ራሱ በአገሮች መካከል አንድ አይደለም። የብሪታንያው የስታቲስቲክስ ቢሮ ከነጋዴዎች የሚሰበስበው በሳምንታት ነው፤ ሁለት «ወሮች» አራት አራት ሳምንት፣ ሦስተኛው አምስት ሳምንት ይሆናል። በ2024 ከምስጋና ቀን ማግሥት የሚውለው የቅናሽ ዓርብ በኅዳር 29 ዋለ፤ የብሪታንያ ስታቲስቲክስ «ኅዳር» ግን በ23 አልቆ ነበር። ስለዚህ የዓመቱ ትልቁ የኅዳር ገበያ በመዝገቡ የታኅሣሥ ሆነ። ጉዳዩ በግርጌ ማብራሪያ ተገልጿል፤ ግርጌውን የሚያነብ ካለ።

ወደ ሱቅ ልለፍ። የኢንተርኔት ገበያን ያለ ታሪክ እንደ ተወለደ ነገር የሚያዩ ብዙ ናቸው። አሜሪካ ግን ከቤት ሳይወጡ መግዛትን የለመደችው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሞንትጎመሪ ዋርድ በ1872 ከቺካጎ የዕቃ ዝርዝር በፖስታ መላክ ጀመረ፤ ሲርስ ተከተለ። ፖስታ በ1896 ለገጠር ቤቶች በነጻ ማድረስ ተጀመረ፤ ከጥር 1 ቀን 1913 ጀምሮ ደግሞ ትልልቅ ጥቅሎችን ማጓጓዝ ጀመረ። ገበሬው ማረሻ፣ ሰዓት፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ኋላም ተገጣጣሚ ቤት ሳይቀር በደብዳቤ ያዝዝ ነበር። የገጠር ነጋዴዎች በምክር ቤት ተሟገቱ፤ በአንዳንድ ከተሞች ካታሎጎችን ሰብስበው በአደባባይ አቃጠሉ።

ጉዳዩ ከዋጋ በላይ ነበር። በዘር መድልዎ ሥር በነበረው ደቡብ ጥቁር ደንበኛ ወደ መንደሩ ሱቅ ሲገባ ነጮች እስኪስተናገዱ ይጠብቃል፤ የሚሰጠው ዕቃም፣ የሚጠየቀው ዋጋም፣ የዱቤው ወለድም በባለሱቁ ፈቃድ ነው። ካታሎጉ ግን ለሁሉም አንድ ዋጋ ያትማል፤ ደብዳቤ ደግሞ የቆዳ ቀለም አያሳይም። በአገር አቀፍ ድምር ውስጥ በሱቅ የተከፈለ አንድ ዶላርና በፖስታ የተላከ አንድ ዶላር እኩል ናቸው። ለዚያ ሰው ግን እኩል አልነበሩም። ድምር የሚጋርደው ይህን የመሰለውን ነው።

ሲርስ መኪና ሲበዛ በ1925 መደብሮችን መክፈት ጀመረ፤ ትልቁን ካታሎጉን በ1993 አቋረጠ። አማዞን በ1994 ተመሠረተ፤ በሐምሌ 1995 መጻሕፍት መሸጥ ጀመረ። ክፍለ ዘመን ሙሉ ከመጋዘን ወደ ቤት የላከው ድርጅት ሥራውን ያቆመው ሌላው ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። ሲርስ በጥቅምት 2018 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

በስታቲስቲክሱ መዝገብ ግን ሁለቱ ዘመዳሞች አንድ ቤት ውስጥ ነበሩ። ቢሮው «መደብር አልባ ቸርቻሪ» የሚል ምድብ ነበረው፤ የፖስታ ትእዛዝ እዚያ ይገባ ነበር፤ የኢንተርኔቱም እዚያው ገባ። ሕጉም እንዲሁ አዛመዳቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967ና በ1992 ስለ ካታሎግ ነጋዴዎች በሰጣቸው ውሳኔዎች በክፍለ ግዛቱ ውስጥ ሱቅ ወይም ሠራተኛ የሌለው ሻጭ የሽያጭ ግብር እንዲሰበስብ ሊገደድ አይችልም አለ። ስለ ካታሎግ የተጻፈው ፍርድ የኢንተርኔት ሻጮችን ለሩብ ምእተ ዓመት ከለላቸው፤ የተሻረው በሰኔ 2018 ነው። የማዕዘኑ ሱቅ ግብር እየጨመረ ሲሸጥ ተፎካካሪው ሳይጨምር የሸጠበት ዘመን ሁሉ «ሱቅ ምንድን ነው» በሚል ጥያቄ ላይ የቆመ ነበር።

ቢሮው የኢንተርኔት ሽያጭን ለብቻው የገመተው ለመጀመሪያ ጊዜ በመጋቢት 2000 ነው። የ1999 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ሽያጭ 5.3 ቢሊዮን ዶላር፣ ከጠቅላላው 0.64 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ጋዜጦች ሱቅ ሞተ እያሉ ነበር። በአንጻሩ አኃዙ በኋላ ሲያድግ የተለመደው መስመር አሳሳች ሆነ፤ አንድ ነባር መደብር የኢንተርኔት ክፍሉን ለብቻው ካቋቋመ ሽያጩ ከ«መደብር» ወደ «መደብር አልባ» ይዛወራል። ባለቤቱ አንድ፣ ዕቃው አንድ፣ ገዢውም አንድ ነው፤ ሠንጠረዡ ግን የመደብሮችን ውድቀት ያሳያል። የሰሜን አሜሪካ የኢንዱስትሪ አመዳደብ በ2022 ሲከለስ ይህን ልዩነት አስቀርቶ ቸርቻሪዎችን በሚሸጡት ዕቃ ዓይነት መደባቸው።

በሚያዝያ 2020 ወረርሽኙ ሦስቱንም ውሳኔዎች በአንድ ጊዜ ፈተናቸው። የመጀመሪያው ግምት ጠቅላላ ሽያጭ በአንድ ወር በ16.4 በመቶ እንደ ወረደ ተናገረ፤ የልብስ መደብሮች በ78.8 በመቶ ወረዱ፤ መደብር አልባዎቹ በ8.4 በመቶ ጨመሩ። ከወር በኋላ የሚያዝያው ውድቀት ወደ 14.7 በመቶ ተከለሰ፤ ግንቦት በ17.7 በመቶ ጨመረ ተባለ። የኢንተርኔት ድርሻ በሁለተኛው ሩብ ዓመት 16.1 በመቶ ደረሰ። «ሚያዝያ እንዲህ ነው» የሚለው ልማድ ለዚያ ሚያዝያ ምንም አልነገረም። በዚያ ላይ በራቸው የተዘጋ ነጋዴዎች የጥያቄ ቅጹን የሚሞላ ሠራተኛ እንኳ አልነበራቸውም፤ ዝም ያለው ሱቅ ተዘግቷል ወይስ አልመለሰም የሚለውን መለየት የባለሙያው ፍርድ ነበር።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያህል ቅርብ ነው? በኢትዮጵያ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የችርቻሮ ዋጋን በየወሩ ሲሰበስብ ኖሯል። ዋጋ ግን ሽያጭ አይደለም። የወር ሽያጭን መለካት ይገባናል የሚል ክርክር ደግሞ መነሣቱ አይቀርም፤ በ2024 የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች ከፍቷል፤ ከ2021 ወዲህም ቴሌብር የክፍያን መልክ ለውጧል። ያን ጊዜ አሜሪካኖች በመቶ ዓመት ውስጥ ያለፉባቸው ውሳኔዎች በአንድ ስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ።

የእኛ ወሮች እኩል ሠላሳ ቀን ናቸው፤ ለስታቲስቲክስ ሰው መልካም ዜና ነው። ነገር ግን ጳጉሜን አለች፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ፤ የዕንቁጣጣሽ በግ፣ ዶሮና ቅቤ የሚገዛውም በእርሷ ነው። ራሷን የቻለች ወር ናት ካልን ከሌሎቹ ጋር ማነጻጸር አይቻልም፤ ከነሐሴ ጋር ከደመርናት ነሐሴ የፍልሰታ ጾምና የበዓል ገበያ የተቀላቀሉበት ወር ይሆናል። ፋሲካችን ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይዘዋወራል፤ ከእርሱ በፊት ያለው የሃምሳ አምስት ቀን ጾም የሥጋ ቤቶችን ገበያ ይዞ ይዘዋወራል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል። ከአሜሪካ በምንወስደው ፕሮግራም ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣው የፋሲካ ማስተካከያ የምዕራቡን ፋሲካ የሚከተል ነው፤ የራሳችንን መጨመር የራሳችን ሥራ ነው።

ሱቅስ? የጉሊት ሻጯ ሱቅ ናት? በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚቆመው የገጠር ገበያ በወር አራት ጊዜ ይውላል ወይስ አምስት? ዕቃውን በቴሌግራም አሳይቶ በሞተር ብስክሌት የሚልከው ወጣት በየትኛው ዓምድ ይገባል? ፈቃድ ያለውን ብቻ እንቁጠር ካልን ከመቶ ዓመት በፊት የፌዴራል ሪዘርቭ ያደረገውን ደገምን ማለት ነው፤ መዝገብ ያለውን ቆጥረን አገር ብለን ጠራነው።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። በመርካቶና በየክፍለ አገሩ ከተሞች በቆዩ የንግድ ቤቶች ውስጥ የዱቤ መዝገቦችና የዕለት ሽያጭ ደብተሮች አሁንም አሉ፤ አንዳንዶቹ የሁለት ትውልድ ዕድሜ አላቸው። ሕንጻዎቹ በፈረሱ ቁጥር አብረው ይጣላሉ። ከባለቤቶቹ ፈቃድ አግኝቶ ገጾቹን ፎቶ ማንሣት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የስልክ ካሜራና ትዕግሥት ይበቃል። ጳጉሜን በዚያ ደብተር እንዴት እንደ ተጻፈች፣ ዱቤው መቼ ሽያጭ እንደ ሆነ፣ ሒሳቡ በወር ይዘጋ ወይስ በዓውደ ዓመት፣ ከእነዚያ ገጾች ማወቅ ይቻላል።